ዕድሜያችን የሚቆጠረው ከገባንበት ዓመት ነው

ስለ ጡረታ የሚያስተምሩ ሰዎች የሚወዱት አንድ ሰንጠረዥ አለ። በ30 ዓመትሽ የአንድ ዓመት ደመወዝሽን ያህል አጠራቅሚ ይላል። በ40 የሦስት ዓመት፣ በ50 የስድስት ዓመት፣ በ67 የአሥር ዓመት። መሥሪያ ቤታችን በየዓመቱ ፒዛ አዝዞ ይኼን ያሳየናል። ፒዛው ይበላል። ሰንጠረዡን ግን እኔም፣ አጠገቤ የሚቀመጡት የጋናና የፊሊፒንስ ልጆችም ዝም ብለን አይተነው እንወጣለን።

የተሠራው ለእኛ አይደለማ። በ22 ዓመቱ ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ለያዘ፣ እጁን የሚጠብቅ ዘመድ ለሌለው ሰው ነው። እኔ ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስገባ 36 ዓመቴ ነበር። በ30 ዓመቴ አዲስ አበባ አስተማሪ ነበርኩ። ያኔ የነበረኝ ቁጠባ በዶላር ቢመነዘር እዚህ ለአንድ ወር የቤት ኪራይም አይበቃም።

ስለዚህ ስደተኛ ሁለት ዕድሜ አለው እላለሁ። አንዱ ከተወለደበት፣ ሌላው እዚህ ሀገር ከገባበት ይቆጠራል። ጉልበትና ጤና የመጀመሪያውን ይከተላሉ። የመንግሥት ጡረታው ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የብድር ታሪካችን ክሬዲትና የጡረታ ቁጠባ ደግሞ ሁለተኛውን። “45 ሞላኝ፣ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው” ብሎ የተወው አለ። “ገና አምስት ዓመቴ ነው፣ ልረጋጋ” እያለ የሚዘናጋም አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ሁለተኛው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት እቅድ የሚባል ነገር የለም። የቲኬት ብድር ይከፈላል፣ የቤት ዲፖዚት ይከፈላል፣ ሀገር ቤት ይላካል። በዚያ ሰዓት “ኢንቨስት አድርጉ” የሚል ሰው ቢመጣ ማንም አይሰማውም። ባይሰማውም አልፈርድም። አንድ ነገር ግን ያኔም ቢሆን መታለፍ የለበትም። እሱም ከደመወዝ እየተቆረጠ የሚጠራቀመው የመሥሪያ ቤት የጡረታ አካውንት፣ አሠሪው ማች የሚያደርገው (እኛ ባስገባነው ላይ የሚጨምርበት) ፎር ኦ ዋን ኬ ነው። በዓመት 40,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው 4 በመቶ ቢያስቆርጥ 1,600 ዶላር ይሆናል። ድርጅቱ ዶላር በዶላር የሚጨምር ከሆነ ሌላ 1,600 ይሰጠዋል። ፎርሙን ያልሞላ ሰው ይኼ ገንዘብ ይቅርብኝ እንዳለ ይቆጠራል። ብዙ ሰው የማይሞላው “እኔ እዚህ አላረጅም፣ እመለሳለሁ” እያለ ነው። ይመለስ። ገንዘቡ የትም ቢሄድ የሱ ነው። አንዳንድ ቦታ ድርጅቱ የጨመረው ሙሉ በሙሉ የራስ እስኪሆን የተወሰነ ዓመት መሥራት ስለሚጠይቅ፣ ሥራ ከመልቀቃችሁ በፊት ይኼን አጣሩ። ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ማውጣት ደግሞ፣ ከተወሰኑ ምክንያቶች በቀር፣ ከታክሱ በተጨማሪ በሚወጣው ገንዘብ ላይ 10 በመቶ ቅጣት አለው።

ከዚያ “የት ይግባ?” የሚል ጥያቄ ይመጣል። እኔ ሼር እየመረጥኩ የምጫወት ሰው አይደለሁም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎችን በአንዴ የሚይዝ ኢንዴክስ ፈንድ ይበቃኛል። ቫንጋርድ የሚባለው የኢንቨስትመንት ኩባንያ መሥራች ጆን ቦግል በ1976 ለተራው ሰው ያቀረበው ነገር ነው። ትልቁ ጥቅሙ የሚያስከፍለው ትንሽ መሆኑ ነው። ይኼን ሁሉ ማንበብ ለሚሰለቸው ታርጌት ዴት ፈንድ የሚባል አለ። ጡረታ የምትወጡበትን ዓመት፣ ለምሳሌ 2045ን፣ ትመርጣላችሁ። ዓመቱ እየቀረበ ሲሄድ ፈንዱ ራሱ አክሲዮኑን እየቀነሰ ብዙ የማይዋዥቀውን ቦንድ ይጨምራል።

የገባንበት ዕድሜ ምን ያህል እንደሚጎዳ ወይም እንደሚጠቅም በቁጥር እንየው። በወር 300 ዶላር እየገባ በዓመት 7 በመቶ ያድጋል እንበል፤ ገበያው እንዲህ ብሎ ቃል ባይገባም ለስሌት ይሁነን። በ35 የጀመረ ሰው በ65 ወደ 366,000 ዶላር ይኖረዋል። በ45 የጀመረ 156,000 አካባቢ። ዘግይቶ የጀመረው ከኪሱ ያላወጣው 36,000 ዶላር ብቻ ነው። ያጣው ግን 210,000 ነው። ለዚህ ነው “ልረጋጋና እጀምራለሁ” የሚለው አነጋገር የሚያናድደኝ።

ገበያው ይወድቃል ወይ? ይወድቃል። የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን የሚለካበት ኤስ ኤንድ ፒ 500 በ2008 ብቻ 37 በመቶ ወርዷል። ያኔ ደንግጠው ሸጠው የወጡ ብዙ ናቸው። ያልነካው ሰው ግን በ2013 ከድሮው ከፍታ አልፎ አገኘው። አምስት ዓመት ለ38 ዓመት ሰው ምንም አይደለም። የ63 ዓመት ሰው ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ገንዘቡን ሊበላው ይፈልጋል። አክሲዮን ከዕድሜ ጋር ይቀነስ የሚሉት ለዚህ ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው የልደት ዕድሜ ነው፤ ዘግይቼ ነው የገባሁት ብሎ በ60 ዓመት ቁማር መጫወት አይቻልም።

አሁን ወደ ሹፌሮች ልምጣ፤ ስለነሱ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። ባለቤቴ ድሮ ታክሲ፣ አሁን ኡበር ይነዳል። ማች የሚያደርግለት አሠሪ የለውም። የራሱ አሠሪ ስለሆነ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለአረጋውያን የጤና መድን ለሜዲኬር 15.3 በመቶውን ብቻውን ይከፍላል። ስለዚህ ታክስ የሚሠራልን ሰው ትርፉን ዝቅ ባደረገ ቁጥር “ጎበዝ ነው” ይባላል። ሕጉም ይፈቅዳል። በ2025 ለእያንዳንዱ የሥራ ማይል ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ 70 ሳንቲም ይቀነስ ነበር። 40,000 ማይል የነዳ ሰው 28,000 ዶላር ይቀነስለታል ማለት ነው። 60,000 ቢያገባ በወረቀት ላይ 32,000 ይሆናል። ደስ ይላል። ግን ሶሻል ሴኩሪቲም የሚያየው ያንኑ 32,000 ነው። ሥርዓቱ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ስለሚያደላ ጡረታው በግማሽ አይወርድም፤ መውረዱ ግን አይቀርም። ዓመታት ያሽከረከረ ሰው በ67 ዓመቱ የወር ጡረታውን ሲሰማ የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ማይሉን መተው አይደለም። ከታክስ ከተረፈው ላይ የተወሰነውን፣ ሰው በራሱ ስም ወደሚከፍተው የጡረታ አካውንት፣ ወደ አይአርኤ፣ ማስገባት ነው። በ2025 የዓመቱ ጣሪያ 7,000 ዶላር ሲሆን 50 ዓመት ለሞላው 8,000 ነበር። ከዚያ በላይ የሚችል ሹፌር የራሱ አሠሪ ለሆነ ሰው የሚሆነውን ሴፕ አይአርኤ ይክፈት። እኛ ቤት ሮዝ አይአርኤ ነው የተመረጠው። ታክሱ አሁን ይከፈላል፤ አካውንቱ አምስት ዓመት ከሞላውና ሰውየው 59 ተኩልን ካለፈ በኋላ ከነትርፉ ያለ ታክስ ይወጣል። ያስገባነውን ዋናውን ገንዘብ ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ያለ ቅጣት ማውጣት ይቻላል። ሌሊት ስልክ በጮኸ ቁጥር ለሚደነግጥ ሕዝብ ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ እቁብ ሳላነሳ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። እቁብ ወለድ የለውም። ሰብሳቢው ቢጠፋ ብዙ ጊዜ በእጃችሁ ወረቀት የለም። ቢሆንም ስንፍናን የሚያሸንፍ ሌላ ነገር አላየሁም፤ የቤታችን ቅድመ ክፍያ (ዳውን ፔይመንት) የመጣው ከሱ ነው። ለረጅም ጊዜ ቁጠባ ግን አይሆንም። ቤት ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ዕጣው ቀደም ብሎ እንዲወጣላችሁ ለምኑ። የቤት ብድሩን (ሞርጌጅ) የሚሰጠው ባንክ የቅርብ ጊዜ ስቴትመንት ያያል፤ ብዙ ጊዜ የሁለት ወር። ድንገት የገባ ብዙ ገንዘብ ካየ “ከየት መጣ?” ይላል። ሃያ ሰው በየሳምንቱ እያዋጣ በተራ ይወስዳል ብሎ ለብድር ኦፊሰር ማስረዳት፣ እመኑኝ፣ ሌላ ሺፍት ነው።

ሀገር ቤት የሚላከው ነገርስ? ብዙ የገንዘብ አማካሪ ይኼን እንደ ስጦታ ያየዋል፤ ሲቸግርህ ቀንስ ይላል። የእናት መድኃኒት እንዴት ነው የሚቀነሰው? እኔ እንደ መብራት ክፍያ በየወሩ የታወቀ መጠን አድርጌዋለሁ፤ ለለቅሶና ለሕመም የተለየ አካውንት አለ። ልክ ሲኖረው ቤተሰብም ይለምደዋል።

የማልስማማው ጡረታን በብር ማስቀመጥ ላይ ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 29 ቀን 2024፣ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በቀናት ውስጥ ከ100 አለፈ። ቤት እገዛለሁ ብሎ አዲስ አበባ ባንክ ብር ያስቀመጠ የማውቀው ሰው፣ በዶላር ሲያስበው ግማሹ ሄደበት። ሀገር ቤት ቤት መሥራት መጥፎ ነው አልልም። ቤቱ ግን መኖሪያ እንጂ ጡረታ አይደለም፤ በተለይ ኪራዩን የሚሰበስበው ሌላ ሰው ሲሆን። ደግሞ እዚህ ታክስ የምንከፍል ሰዎች የዚያ ኪራይም እዚህ ይመዘገባል። ውጭ ሀገር ያሉን አካውንቶች በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀንም ቢሆን ሲደመሩ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባለው ሪፖርት አለ። ታክስ የሚከፈልበት አይደለም፤ ያለመሙላቱ ቅጣት ግን ከባድ ነው።

ልጆች ሲመጡ ኢንሹራንስ ሻጭ ቤት ድረስ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የራሳችን ሰው ነው፤ ስለዚህ ቡና ተፈልቶለት እምቢ ማለት ይከብዳል። የሚሸጠው “ኢንሹራንስም ኢንቨስትመንትም ነው” የሚባለውን ነው። አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፦ በሦስተኛው ዓመት ባቋርጥ ስንት ትመልሱልኛላችሁ? ልጅ እስኪያድግና ቤቱ እስኪከፈል ለ20 ዓመት ብቻ የሚገዛ ተርም የሚባል የሕይወት ኢንሹራንስ ከዚያ በብዙ ይረክሳል። የኮሌጁን ጉዳይ ባጭሩ ልለፈው። የኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻውን ፋፍሳን ስትሞሉ በጡረታ አካውንት ያለ ገንዘብ እንደ ሀብት አይቆጠርባችሁም፤ በተራ ሴቪንግ ያለው ግን ይቆጠራል። ለልጆቼ ብላችሁ ጡረታችሁን ያቆማችሁ ወላጆች ይቺን ልብ በሉ።

50ን ስናልፍ ነገሩ ይለወጣል። ልጆች ይወጣሉ፣ ሕጉም በፎር ኦ ዋን ኬ ላይ ተጨማሪ እንድናስገባ ይፈቅዳል፤ በ2025 ከ23,500 ዶላር በላይ ሌላ 7,500 ነበር። በገባንበት ዕድሜ ገና 15 ዓመታችን ስለሆነ ይቺ ዕድል ለኛ እንደተሠራች ነው። ደግሞ የድሮ አካውንቶችን ፈልጉ። የኛ ሰው ሥራም ስቴትም ይቀያይራል፤ ደብዳቤው ወደ ድሮው አፓርታማ ይሄዳል። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በ2024 መጨረሻ የጠፉ የጡረታ አካውንቶችን የሚፈልጉበት ድረ ገጽ ከፍቷል።

በጡረታ ወደ አዲስ አበባ ለምታስቡ፦ ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ በአጠቃላይ አይከፍልም። “እዚያ ስለምኖር ለምን እከፍላለሁ” ብሎ የሐኪም ክፍያ የሚሸፍነውን የሜዲኬር ክፍል፣ ፓርት ቢን፣ የተወ ሰው ግን ቆይቶ ሲመለስ፣ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት በወር ክፍያው ላይ 10 በመቶ ይጨመርበታል፤ ጭማሪውም አብሮት ይኖራል። ዜግነት ያልወሰደ ሰው ደግሞ ከስድስት ወር በላይ ውጭ ከመቆየቱ በፊት ሶሻል ሴኩሪቲው እንዳይቆም ይጠይቅ።

አሁን እኔና ባለቤቴ የምንከራከረው ሶሻል ሴኩሪቲውን መቼ እንጀምር በሚለው ነው። እሱ በ62 ይላል፤ እኛ በተወለድንበት ዘመን ሙሉው የሚገኘው በ67 ስለሆነ በ62 የጀመረ 30 በመቶ ይቀነስበታል። ከ67 በኋላ እስከ 70 ለጠበቀ ደግሞ በየዓመቱ 8 በመቶ ይጨመራል። ስሌቱ የሚወሰደው ከፍተኛ ገቢ ከተገኘባቸው 35 ዓመታት ነው። እኔ በ36 ስለገባሁ እስከ 67 ብሠራ 31 ዓመት ይኖረኛል፤ የቀሩት አራቱ ዜሮ ሆነው ይገባሉ። እስከ 70 ብሠራ ዜሮው አንድ ብቻ ይሆናል። ከሁለታችን አንዳችን ስንሞት ደግሞ የሚቀረው ሰው ከሁለቱ ጡረታዎች የሚበልጠውን ነው የሚይዘው፤ ሁለቱንም አይደለም። በማይሉ ምክንያት የሱ ትንሽ ነው፤ የኔ ይበልጣል። ስለዚህ የሱ በ62 ቢጀመር ብዙ አልከራከርም፤ መንዳቱን ግን መቀነስ አለበት፤ ምክንያቱም ከሙሉው ዕድሜ በፊት የጀመረ ሰው የሥራ ገቢው ከተወሰነ ጣሪያ (በ2025 23,400 ዶላር ነበር) ካለፈ ከጡረታው ላይ ይያዝበታል። የኔ ግን፣ ጤና ከሰጠኝ፣ እስከ 70 አይነካም።