ከቤዝ ጊታሩ በኩል፦ እንኳን ለ2018 አደረሳችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ።

ይህን የምጽፈው በጳጉሜ ነው። ዝናብ አለ፣ ሥራ የለም፣ ልምምድም ከበዓሉ በኋላ ነው። ለማታውቁኝ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ። በባንድ ፎቶ ላይ ከድምፃዊው ትከሻ ኋላ ግማሽ ፊቱ የሚታየው ሰውዬ እኔ ነኝ። አልበም የለኝም። ሰርግ፣ ክለብ፣ ስቱዲዮ፣ አንዳንዴም የሆቴል እራት። እንጀራዬ ይኸው ነው።

2017ን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጥር ነው። ጋሽ ማህሙድ አህመድ በሚሊኒየም አዳራሽ መድረክን የተሰናበቱበት ወር። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ስለ ድምፃቸው ያወራ ነበር፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለኝ አሪዞና ክለብ ነው።

ጋሽ ማህሙድ በልጅነታቸው ጫማ ጠርገዋል። በ1950ዎቹ ደግሞ አሪዞና ክለብ ገብተው የተገኘውን ሥራ ይሠሩ ነበር። እዚያ ቤት የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ይጫወታሉ። አንድ ምሽት ዘፋኝ ሲጠፋ እሳቸው “እኔ ልዝፈን” አሉ። ተፈቀደላቸው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ይህ ታሪክ ሲወራ ሁሌ ስለ ዕድልና ስለ ተሰጥኦ ነው የሚነሳው። እኔ የማስበው ስለ ቤቱ ነው። ቤቱ ባይኖርስ? ባንድ ማታ ማታ የሚጫወትበት፣ አንድ ወጣት ሌላ ሥራ እየሠራ ዘፈኑን በጆሮው የሚያጠናበት፣ ደፍሮ ቢወጣና ቢበላሽበት እንኳ ነገ ተመልሶ የሚመጣበት ቤት ባይኖር፣ ያ ድምፅ የት ይሰማ ነበር? ሰፈር ውስጥ ሲዘፍን የኖረ አንድ ሰው ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ እሰጋለሁ።

ይህ ነገር ዘንድሮ የከበደኝ በካዛንቺስ ምክንያት ነው። ሰፈሩ መፍረስ የጀመረው በዚሁ በ2017 መግቢያ ነው። ስለ መንገዱና ስለ ሕንፃው የየራሳችን አስተያየት ይኖረናል፤ እሱን ለሌላ ቀን። ለኔ ያጎደለብኝ አዝማሪ ቤቶቹን ነው። ታዋቂው አዝማሪ ቤት ፌንዲቃም ከነበረበት ግቢ ወጣ። የቤቱ ባለቤት፣ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ራሱ እዚያው ቤት ለሽልማት እየጨፈረ የጀመረ ሰው ነው፤ በኋላ ነው ቤቱን ተረክቦ የዓለም ሙዚቀኛ የሚመጣበት ያደረገው።

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ብትገባ ቅኝቶቹን ያስተምሩሃል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። መምህራኑን አከብራለሁ። ነገር ግን አዝማሪው ከአንድ ሞቅ ካለው ደንበኛ ጋር ግጥም ሲቀባበል ስንት ዙር ጠብቀህ መመለስ እንዳለብህ የትኛውም ኖታ ላይ አልተጻፈም። ዓይኑን ማየት አለብህ። ትከሻውን ማየት አለብህ። ተሸላሚው ግንባር ላይ ብሩ ሲለጠፍ ዘፈኑ እንደሚረዝም ማወቅ አለብህ። እኔ ይህን የተማርኩት እንደዚያ ባሉ ጠባብ ቤቶች ነው፣ ጀርባዬ ከግድግዳው ተጣብቆ። አሁን የሚመጣው ልጅ የት ይማረው? ቲክቶክ ላይ ጎበዝ የሆኑ ልጆች አያለሁ፤ ጣታቸው ከኔ ይፈጥናል። ሰው ፊት አቁማቸው ግን፣ ዘፋኙ ቶን ሲቀይር ይደነግጣሉ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። የሚደነግጡበት ቦታ ስላልነበራቸው ነው።

የቀረው ዓመት እንደተለመደው አለፈ። የካቲት ላይ ሁዳዴ ገባ፣ በዚያው ሳምንት ረመዳን ተከተለ። ሰርግ የለም፣ ክለቡም ቀዘቀዘ፤ የሙዚቀኛ ኪስ ከምእመኑ ሁሉ በላይ ጾመ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የቤዝ ክር ዋጋ ሲጠሩልህ መደብሩን ለቀህ ትወጣለህ። አሮጌውን ክር በፈላ ውሃ ቀቅዬ መልሼ ወጥሬዋለሁ። አትሳቁ፣ ይሠራል።

ከፋሲካ በኋላ ሰርጉ መጣ፣ ነፍሴም መለስ አለች። ሰርግ የሚንቁ ሙዚቀኞች አሉ። እኔ አልገባቸውም ባይ ነኝ። በአንድ ከሰዓት ጉራጌኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ የወሎ፣ የጎጃም፣ በመሀል ደግሞ የሙሽራው ጓደኞች የሚፈልጉትን ሬጌ መጫወት አለብህ፤ ሁሉም ቤተሰብ የራሱን ምት ያውቀዋል፣ ካበላሸህ ከወንበሩ አይነሳልህም። አንዲት እናት መጥተው “ልጄ፣ ያንን ዱም ዱም የሚለውን ቀንስልኝ፣ ልቤን መታኝ” አሉኝ። ቀነስኩ። ትንሽ ቆይቶ ጉራጌኛው ሲጀመር ከሁሉም ቀድመው የተነሱት እሳቸው ናቸው፤ እኔም ቀስ ብዬ ድምፁን መለስኩት።

ዘንድሮ ግን በብዙ ሰርግ ላይ ባንዱን ዋን ማን ባንድ፣ ማለትም ሁሉንም በኪቦርድ ብቻውን የሚጫወት አንድ ሰው፣ ተክቶታል። ሰርግ ደጋሹን አልፈርድበትም፣ አዳራሽና ምግብ በዚህ ዋጋ። ኪቦርድ ተጫዋቹንም አልቀየመውም፣ ወንድሜ ነው፣ እሱም ቤት ኪራይ አለበት። ብቻ ከበሮ መቺውና ቤዝ ተጫዋቹ ቤታቸው ሲቀሩ አንድ የመማሪያ ቤት እንደገና እንደተዘጋ አድርጌ ነው የማየው።

ስለዚህ ለአዲሱ ዓመት ምኞቴ ትልቅ አይደለም። አሥር ወንበር ያላት ቤት ያላችሁ፣ ጥግ ላይ ለሁለት ሙዚቀኛ የሚሆን ቦታ ተዉ። ሐሙስ ማታ ይበቃል፤ ቅዳሜን አልጠየቅኩም። እናንተ ደግሞ አንድ ምሽት ወጥታችሁ ስሟን ሰምታችሁት የማታውቁትን ዘፋኝ ስሙ። ብትደነግጥም አጨብጭቡላት።

ዓመቱን ሙሉ “የት ነው የምትጫወቱት?” እያላችሁ ለደወላችሁ፣ መብራት ሲጠፋ በስልካችሁ አብርታችሁ ከእኛ ጋር ለዘፈናችሁ፣ ከሰርግ በኋላ ምግብ ቋጥራችሁ ለሰጣችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዘመኑ የሰላም፣ የጤና፣ የፍቅር ይሁንላችሁ።

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለመስቀል የምትመጡ ካላችሁ ደግሞ፣ ለባለ አራት ክር ቤዝ የሚሆን ክር አምጡልኝ፣ ውፍረቱ ከ45 እስከ 105 የሚለውን። ገንዘቡን እከፍላለሁ። ቡናውን እጋብዛለሁ።