የሆድ ዕቃ ሊጋመንቶች፦ በነጠላና በስትሮ የተፈታ ቋጠሮ

ጎንደር ያለው የሕክምና ተማሪዎች የጥናት ቡድናችን በዚህ ሳምንት ጉበትን ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ (ዱዎዲነም) ጋር የሚያገናኘውን ሄፓቶዱዎዲናል ሊጋመንት መጽሐፍ ሳይገልጥ መሳል ቻለ። ከሁሉ በላይ ያዘገየን «ጅማት» የሚለው ትርጉም ነው። ጅማት ሲባል እንደ ጉልበቱ ያለ ጠንካራ ገመድ ይታሰባል፤ የሆድ ዕቃ ሊጋመንት ግን ድርብ የፔሪቶኒየም (የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን) እጥፋት ነው፤ ብዙውን ጊዜም የደም ሥር መተላለፊያ ነው። የበግ ሞራ አይታችሁ ከሆነ ትልቁን ኦመንተም (ከጨጓራ የሚንጠለጠለውን ስብ ያለበት እጥፋት) አይታችኋል።

የፅንሱን ነገር ባጭሩ፦ ጉበት ከጨጓራ ፊት ባለው እጥፋት ውስጥ፣ ጣፊያ ከኋላው ባለው ውስጥ ያድጋሉ። ጨጓራ 90 ዲግሪ ሲዞር ጉበት ወደ ቀኝ፣ ጣፊያ ወደ ግራ ይሄዳል። ይህ ከገባ ፋልሲፎርም (ከሆድ የፊት ግድግዳ ወደ ጉበት)፣ ትንሹ ኦመንተም (ከጉበት ወደ ጨጓራና ዱዎዲነም)፣ ጋስትሮስፕሌኒክ (ከጨጓራ ወደ ጣፊያ) እና ስፕሌኖሬናል (ከጣፊያ ወደ ግራ ኩላሊት) ተከታትለው ይመጣሉ። ስም ብቻ መሸምደድ ጊዜ ማባከን ነው።

ያስቸገረው የሄፓቶዱዎዲናል ይዘት ነው። የሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ 40 በ30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አጥፋችሁ እንደ መጋረጃ ስቀሉት፤ የታጠፈው ጎን ወደ በሽተኛው ቀኝ ይሁን። የትንሹ ኦመንተም ነፃ ጠርዝ እሱ ነው። ከጠርዙ ውስጥ ሦስት ስትሮ ቁልቁል አስገቡ፤ ወፍራሙ ሰማያዊ፣ ፖርታል ቬን (ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚወስደው)፣ ከኋላ፤ ከፊቱ ቀዩ፣ የጉበት አርተሪ፣ በግራ፤ አረንጓዴው፣ የሐሞት ቱቦ፣ በቀኝ። ከጀርባው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትታችሁ የውኃ ጎማ አቁሙ፤ ኢንፌሪየር ቬና ካቫ (ከታችኛው አካል ወደ ልብ ደም የሚመልሰው ትልቅ ቬን) ነው። ክፍተቱ ኤፒፕሎይክ ፎራመን ይባላል፤ ጣሪያው ኮዴት ሎብ (የጉበት ክፍል)፣ ወለሉ የዱዎዲነም መጀመሪያ ነው።

ቀይና አረንጓዴው የሚገለባበጡት ሞዴሉ ፊት ለፊት ስለሚቆም ነው፤ የበሽተኛው ቀኝ በእናንተ ግራ ይውላል። ፕላስተር ላይ «ቀ» እና «ግ» ጽፋችሁ ለጥፉበት። ከዚያ የግራ እጅ ሌባ ጣት በፎራመኑ፣ አውራ ጣት ከፊት አድርጋችሁ ጭመቁ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ፕሪንግል በ1908 እ.ኤ.አ. የገለጸው ይኸው ነው፤ ወደ ጉበት የሚገባው ደም ይቆማል። ተጨምቆም የቆሰለ ጉበት መድማቱን ካላቆመ ደሙ ከጉበት ቬኖች ወይም ከቬና ካቫው፣ አልያም ከግራ ጋስትሪክ አርተሪ ከሚነሳ ተጨማሪ የጉበት አርተሪ እየመጣ ሊሆን ይችላል። ጣት ሳያስገቡ ይህን በንባብ ብቻ መያዝ ይቻላል ብለን አናምንም።

በጣፊያ በኩል በግ አትመልከቱ፤ የበግ ጣፊያ ከትልቁ ከርስ ጋር ስለተጣበቀ ያሳስታል። በሰው ስፕሌኖሬናል ውስጥ ከጣፊያ አርተሪና ቬን ጋር የቆሽት ጅራት አለ፤ ጣፊያ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ መቆንጠጫው ከጣፊያው ካልተጠጋ ጅራቱ ሊጎዳ ይችላል።

ጉበትን ከድያፍራም ጋር የሚያያይዘው ኮሮናሪ ሊጋመንት በጨርቅ አልሆነልንም። ጉበት ነው ባላችሁት ትልቅ ድንች ላይ በእስክሪብቶ መሳል ይሻላል፦ ጀርባው ላይ ፔሪቶኒየም የሌለበትን ቦታ ክበቡ፤ የላይኛውና የታችኛው መስመር በቀኝ የሚገናኙበት የቀኝ ትራያንጉላር ሊጋመንት ነው።