ጌሾው መጨረሻ ላይ ነው የገባው

ለታኅሣሥ ቁልቢ ድሬዳዋ ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት ጣሳ ቢራ ነበር። በሹራብ ጠቅልዬ፣ በፌስታል አስሬ ከሲያትል ያመጣሁት ለእናቴ ነው።

ለእናት ቢራ ይመጣል ወይ የሚለኝ አይጠፋም። እናቴ ግን ጠላ ጠማቂ ናት። አራት ልጆች ያሳደገችው ለገሀሬ ውስጥ በነበራት ጠላ ቤት ነው። ደንበኞቿ አብዛኞቹ የምድር ባቡር ሰዎች ነበሩ። ከሥራ ሲወጡ እጃቸው ላይ ያለውን ግራሶ እንኳ በደንብ ሳያስለቅቁ ይመጣሉ። ጣሳ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ በዚያ ቢራ ላይ እንዲፈርድ የምፈልገው ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

መጀመሪያ የቀመስኩበትን ቀን ልንገራችሁ። አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። መጋዘን ውስጥ ሌሊት ሌሊት እሠራለሁ። አንድ ቅዳሜ የሥራ ባልደረባዬ እዚያው ጠምቀው እዚያው የሚሸጡበት ትንሽ ቤት ወሰደኝ። እሱ ራሱ አዘዘልኝ። መልኩ ደፍረስ ያለ ቢጫ ነው፤ ቁርጥ ጉሽ። ሽታው ደስ ይላል፤ ሎሚ ሎሚ፣ ማንጎ ማንጎ ይላል። አንዴ ጎንጨት አልኩና መንጋጋዬ ተያዘ። ኮምጣጣ ነው። ከኮምጣጣነቱ ኋላ ደግሞ ምላስ ሥር የሚቀር ቅጠል ቅጠል የሚል ነገር አለ።

«ተበላሽቷል» አልኩት አስተናጋጁን።

«አልተበላሸም። ሆን ብለን ነው ያኮመጠጥነው» አለኝ፣ በጨዋነት። አንድ ብርጭቆ 8 ዶላር።

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። የተናደድኩት በሰውዬው አይደለም። የመጣብኝ የድሬ ሰኔ ነው።

ድሬዳዋ የኖረ ያውቀዋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ሌሊትም አይለቅም። ደጋ ላይ ሳምንት የሚቆይ ጠላ እኛ ጋ ሁለት ቀን ከቆየ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጠዋት፣ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ እናቴ የጋኑን አፍ ከፈተች። በጣሳ ቀዳች። ቀመሰች። ዝም አለች። ከዚያ እኔንና ታላቅ እህቴን ጠራችን። ሦስት ሆነን ጋኑን አዘነበልነውና ቦዩ ውስጥ ደፋነው። አረፋው አቧራውን እየጠቀለለ ሲሄድ እስካሁን ይታየኛል። ብቅሉ ከቀፊራ ገበያ በዱቤ የመጣ ነው። ጌሾውም፣ ማገዶውም እንደዚያው። ለጋኑ ማጠኛ የነደደውን ወይራ ሳንቆጥር ነው እንግዲህ። ያን ዓመት የእህቴ ዩኒፎርም ሳይገዛ ቀረ።

ያን ጣዕም ነው እንግዲህ ሲያትል ላይ በ8 ዶላር የሚሸጡልኝ። ሳልጨርሰው ወጣሁ።

ሐሳቤ የተለወጠው የጭነት መኪና መንዳት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ከሲያትል ወደ ምሥራቅ፣ ተራራውን ሲሻገሩ የያኪማ ሸለቆ አለ። አሜሪካ ውስጥ ከሚመረተው ሆፕስ፣ ማለትም ቢራ ውስጥ ከሚገባው አበባ፣ ትልቁ ድርሻ የሚበቅለው እዚያ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አዝመራው ሲደርስ መንገዱ ሁሉ ይሸታል፤ የመኪናውን መስኮት ዘግተህም አታመልጠውም። ሆፕስ ሐረግ ነው። ከ5 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ሽቦ ላይ በገመድ እየተጠመጠመ ይወጣል። ጭነት ስጠብቅ አንድ የእርሻው ሠራተኛ ጥቂት አበባ እጄ ላይ አደረገልኝ። የአውራ ጣት ጫፍ ያህላል። አረንጓዴ፣ ቅጠሉ በላይ በላይ የተደራረበ፣ ሲይዙት ወረቀት የሚመስል። ሰንጥቄ ሳየው ውስጡ ቢጫ ዱቄት አለ። በጣቶቼ ሳሸው እንደ ሙጫ ተጣበቀ። ሽታው የሎሚ ልጣጭና የጥድ ነው። ምላሴ ላይ ሳደርገው ግን ክው አልኩ። ጌሾ! ጠላ ሲጠነሰስ እየሰረቅኩ የማኝከው የጌሾ ቅጠል ምሬት።

ሁለቱ በዘር አይገናኙም። ሥራቸው ነው አንድ የሚያደርጋቸው፤ ያመርራሉ፣ መጠጡም ቶሎ እንዳይበላሽ ይይዙታል።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያ ቤት ተመለስኩ። ጠማቂውን አገኘሁት፤ ጺማም፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። አንድ ነገር አልገባኝም አልኩት። ሆፕስ መበላሸትን የሚከለክል ከሆነ ይሄ ቢራ እንዴት ኮመጠጠ? ደስ አለው። ወደ ጓዳ አስገብቶ ጋኖቹን፣ ማለቴ የብረት በርሜሎቹን፣ አሳየኝ። መጀመሪያ ያለ ሆፕስ ነው የሚያኮመጥጡት። የብቅሉን ውኃ 40 ዲግሪ አካባቢ አሙቀው ላክቶባሲለስ ይጨምሩበታል። እርጎን እርጎ የሚያደርገው የዚያው ወገን ባክቴሪያ ነው። አንድ ሁለት ቀን ይተዉታል። የሚፈልጉት ኮምጣጣነት ላይ ሲደርስ አፍልተው ባክቴሪያውን ይገድሉታል፤ ከዚያ አቀዝቅዘው የቢራውን እርሾ ይጨምራሉ። ሆፕሱ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ በቀዝቃዛው ነው። የሆፕስ ምሬት የሚወጣው ሲፈላ ስለሆነ በቀዝቃዛው ከገባ ሽታውን ሰጥቶ ምሬቱን ብዙም አይሰጥም። ኮምጣጣና መራራ አንድ ላይ ከበረቱ አፍ አይችላቸውም አለኝ።

ያን ቀን ብርጭቆውን ጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እሄዳለሁ።

ከቁልቢ በተመለስን ማግስት፣ ከሰዓት፣ ግቢያችን ኒሙ ሥር ተቀመጥን። እናቴ ለበዓሉ የጠመቀችው ጠላ አለ። ጎረቤታችን ጋሼም መጡ፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ የድሮ ደንበኛዋ። ጣሳውን ከፍቼ ለሦስታችን ቀዳሁ።

ጋሼ ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አቦ! ሎሚ ጨምቀውበታል እንዴ?» አሉ። እሳቸው የሐረር ቢራ ሰው ናቸው። ሐኪም ስታውት የሚባለው ጥቁር ቢራ እንኳ ይከብደኛል ይላሉ። ብርጭቆውን በአክብሮት ወደ እኔ መለሱና ጠላ ቀዱ።

እናቴ አልቸኮለችም። መጀመሪያ አሸተተችው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው። ትንሽ ወሰደች፤ አፏ ውስጥ አዟዟረችው። እንደገና አሸተተችው። እኔ ምንም አላልኳትም፤ ስለ ሆፕስም፣ ስለ ጺማሙ ሰውዬም አልነገርኳትም።

«ጌሾ አለው» አለች።

«የእነሱ ጌሾ ነው፣ እማዬ።»

«ሽታው ሞልቷል። ምሬቱ የለም።» ትንሽ አሰበች። «ጌሾውን መጨረሻ ላይ ነው የጨመሩት። ቀድሞ ገብቶ ቢሆን እንዲህ አይኮመጥጥም ነበር። እኔ ጌሾ ያሳነስኩ ጊዜ ነው የሚኮመጥጥብኝ።»

ጠማቂው በርሜል እያሳየ ያስረዳኝን እናቴ በሁለት ጉንጭ ደረሰችበት። ሰውነቴን ነዘረኝ። ተነስቼ ግንባሯን ሳምኳት። እሷ ምን እንደነካኝ አልገባትም።

ከዚያ ነው የጠየቅኳት። ስንት ዓመት ሙሉ በስልክ ያልጠየቅኳትን። «ያ የደፋነው ጋን ትዝ ይልሻል?»

«የሰኔው? እንዴት ይረሳኛል።»

«እንዴት ነበር ጣዕሙ?»

ወዲያው አልመለሰችልኝም። ጋሼም ዝም አሉ። የባጃጁ ድምፅ ከመንገዱ ይሰማል።

«ይሄን ይመስል ነበር» አለች፣ ብርጭቆውን እያየች። «ክፉ አልነበረም። አንድ ጣሳ ጠጥቼለታለሁ እኮ፣ እናንተን ከመጥራቴ በፊት። ግን ማን ይገዛኛል? አንዴ የእሷ ጠላ ኮምጣጣ ነው ከተባልኩ ነገ ማን ይመጣል?»

ዋጋውን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በብር ስንት እንደሚሆን ጋሼ አሰሉላት። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ብርጭቆዋን ዘረጋችልኝ።

«ሁለተኛውን ክፈት» አለች።