ናሎክሶን በአውራ በግ፦ ኤልኤች ከፍ ሲል ስሪያው ለምን አይከተልም?

አንጎል ራሱ የሚያመነጫቸው ኦፒዮይዶች (ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገሮች)፣ በተለይ ቤታ ኢንዶርፊንና ዳይኖርፊን፣ ጂኤንአርኤች የተባለው ሆርሞን ከሃይፖታላመስ (ከአንጎል ሥር ካለው ክፍል) እንዳይወጣ ልጓም ይሆናሉ። ጂኤንአርኤች ሲቀንስ ፒቱታሪ ዕጢ የሚለቀው ኤልኤች፣ ማለትም ቆለጥን የሚያነቃቃው ሆርሞን፣ ይቀንሳል፤ ቆለጥ የሚያመርተው የወንድ ሆርሞን ቴስቶስትሮንም አብሮ ይወርዳል። ናሎክሶን የተባለው መድኃኒት የኦፒዮይድ ተቀባዮችን ስለሚዘጋ ልጓሙን ያላላል። ሙከራው፣ ማለትም አውራ በግን ናሎክሶን ወግቶ ኤልኤቹን መለካት፣ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ የሚፈትነው ደም አቀዳዱ ነው።

ኤልኤች ወጥ ሆኖ አይፈስም፣ በምት በምት ይለቀቃል። በሰዓት አንዴ ብቻ ደም ከተወሰደ ምቱ በሁለት ናሙናዎች መሃል ያመልጣል። ስለዚህ በየ10 ደቂቃው ለ8 ሰዓት ቀዳሁ፤ ግማሹ ከመርፌው በፊት፣ ግማሹ በኋላ። 49 ናሙና በ3 ሚሊ ሊትር 147 ሚሊ ሊትር ይሆናል። 60 ኪሎ የሚመዝን በግ ወደ 4 ሊትር ገደማ ደም ስላለው ይችለዋል። ቴስቶስትሮን ከኤልኤች ምት ዘግይቶ ስለሚነሳ ለእሱ በየ30 ደቂቃው ያለው ናሙና ይበቃል።

ካቴተሩን (ደም የሚቀዳበትን ቀጭን ቱቦ) በአንገት ደም ሥር ያስገባሁት በዋዜማው ነው። በዚያው ቀን ከገባ የመያዙ ድንጋጤ የጭንቀት ሆርሞን የሆነውን ኮርቲሶልን ያንራል፣ የራሱን ኦፒዮይድም ይለቃል፤ ያኔ የሚለካው ፍርሃት ነው። በጎቹ በረቱን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይልመዱት፣ ጓደኛም ይታያቸው፤ ብቻውን የቀረ በግ አይረጋጋም። ከእያንዳንዱ ናሙና በፊት በቱቦው ውስጥ የቆመውን ፈሳሽ መጣል፣ ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ደግሞ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ባለበት ጨዋማ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። ይህን የዘለልኩበት ካቴተር እኩለ ቀን ላይ በረጋ ደም ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ያለው መረጃ ጠፋ።

ናሎክሶን በኪሎ 1 ሚሊ ግራም በደም ሥር ሰጠሁ። ሥራው አጭር ነው፤ ረዘም ያለ ውጤት የሚፈልግ መድገም አለበት። እያንዳንዱ በግ በሌላ ሳምንት ጨዋማ ውሃ ብቻ ተወግቶ ከራሱ ጋር ይነጻጸራል። በመጀመሪያው ዙር ግን የጨዋማ ውሃው ቀንም ኤልኤች ከፍ ብሎ ተገኘ፦ በድራት ላይ ያለች (ለስሪያ የተዘጋጀች) በግ ነፋስ በሚመጣበት አቅጣጫ ታስራ ነበር። ሽታዋ የአውራውን ኤልኤች ሊያነሳሳ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹን ከአካባቢው አርቄ ነው የምቀዳው።

ባሕርዩን በሌላ ቀን ለብቻው ፈተንኩ። ድራት ላይ ካለች በግ ጋር ለ20 ደቂቃ አገናኝቼ ማሽተቱን፣ ከንፈሩን መገልበጡን፣ በፊት እግሩ መጎንተሉን፣ እስኪወጣባት የፈጀውን ጊዜና ከአንዱ ስሪያ እስከ ቀጣዩ ያለውን እረፍት መዘገብኩ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ኤልኤች በጨመረበት ሰዓት ስሪያም ይጨምራል ብለው ይጠብቃሉ። ቴስቶስትሮን በባሕርይ ላይ የሚሠራው በቀናትና በሳምንታት ነው፤ ልምድ ያለው አውራ ተኮላሽቶም እንኳ ለሳምንታት መውጣቱን አያቆምም። ስለዚህ በዚያው ሰዓት የታየ ለውጥ ካለ መድኃኒቱ በቀጥታ አንጎል ላይ የሠራው ሊሆን ይችላል፣ የሆርሞኑ ነው ማለት ግን አይቻልም።

ሞርፊን ደግሞ ኤልኤችን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በግን ሊያቅበጠብጥ ስለሚችል የስሪያ መቀነስን በሆርሞን ማሳበብ አያስኬድም። ወቅቱም ይመዝገብ፤ የቀን ርዝመት ሲለወጥ የኤልኤች ምት ስለሚለወጥ የናሎክሶኑንና የጨዋማ ውሃውን ዙር በአንድ ወቅት መጨረስ ያስፈልጋል።