27 ለ26፣ 21 ሰከንድ ሲቀር

ዛሬ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2024፣ ከልጄ ጋር ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ፣ የአሜሪካ ፉትቦል ልናይ ሄደን ነበር። የኛ ዋሽንግተን ኮማንደርስ ከዳላስ ካውቦይስ። አምና 4 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ቡድናችን ዘንድሮ 7 አሸንፎ በ2 ብቻ ተሸንፎ ነበር። ከዚያ ስቲለርስ በአንድ ነጥብ፣ ኢግልስ በስምንት ረቱን።

ዛሬ 21 ሰከንድ ሲቀር የኛው ቴሪ ማክሎሪን ኳሷን ተቀብሎ በረረ። 86 ያርድ ሮጦ እስከ መጨረሻው መስመር፣ ተችዳውን (6 ነጥብ)! 27 ለ26። ከተችዳውን በኋላ የምትመታው የአንድ ነጥብ ምት ብትገባ እኩል ነን። ልጄ እጄን ጭምቅ አድርጎ ያዘኝ። ሳተች። ኳሷን መልሰን ለመያዝ ሆን ብለን የመታናትን ቀጣይ አጭር ምት ደግሞ ዳላሶች ለቅመው እስከ መስመራችን ሮጠው ተችዳውን አገቡባት። 34 ለ26።

ሦስተኛ ተከታታይ ሽንፈት። አንጀቴ ነው ያረረው። ግን ኳስ ወርዋሪያችን (ኳርተርባክ) ጄይደን ዳንኤልስ ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ነው፤ ባለፈው ወር ቺካጎን በመጨረሻዋ ውርወራ የረታ ልጅ። እኔ ተስፋ አልቆርጥበትም።

ልጄ መኪና ውስጥ ቃል አልተነፈሰም። ማልያውን እንደለበሰ ተኝቷል።