69 ጊጋው የት ገባ?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስሠራ የገጠመኝ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለመረጃ መጠባበቂያ የሚሆኑ ዐሥራ ሁለት ሃርድ ዲስኮች ገዛ። ስፔስፊኬሽኑ «1 ቴራ ባይት» ይላል። አቅራቢው ከባሕር ዳር ጭኖ ያመጣው ዕቃ ካርቶንም «1 ቴራ» ይላል። አንዱን ከኮምፒውተር ጋር ሲያገናኙት ግን ዊንዶውስ 931 ጊጋ ነው አለ።

የተቀባይ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዕድሜያቸውን ሒሳብ ክፍል ውስጥ የጨረሱ ሰው ናቸው። ወዲያው ካልኩሌተር አወጡ። አንድ ቴራ 1,000 ጊጋ ነው ብለው ከ1,000 ላይ 931 ሲነሣ 69። 69 በ12 ሲባዛ 828። «ይኸው! አንድ ሙሉ ዲስክ ሊበሉን ምን ቀራቸው?» አሉ። ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) አይቆረጥም ተባለ። አቅራቢው «ኧረ ጋሼ፣ እንደታሸገ ነው ያመጣሁት!» እያለ ይምላል። በዚህ መሃል እኔ ተጠራሁ።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ባለሙያ የሚሰጠው መልስ «ፎርማት ሲደረግ የሚበላው ነው» የሚል ነው። ለመገላገል ይመቻል፤ ግን ልክ አይደለም። ፎርማት (ዲስኩን ፋይል እንዲይዝ ማዘጋጀት) የሚወስደው ቦታ አለ፤ ነገር ግን ከዚህ በጣም ያንሳል።

ስለዚህ የዲስኩን ፕሮፐርቲስ ከፍቼ አሳየኋቸው። እዚያ ላይ አቅሙ በሁለት ዓይነት ተጽፏል። አንደኛው በባይት (የመረጃ መጠን መለኪያ) ነው፤ አንድ ትሪሊዮን ይሞላል። ከጎኑ ደግሞ 931 ጊጋ ይላል። «ጋሼ፣ 1 ላይ ዐሥራ ሁለት ዜሮ ይጨምሩና ለ1,024 ያካፍሉት» አልኳቸው። አካፈሉ። «አሁንም ለ1,024። አሁንም።» ካልኩሌተሩ 931.3 አሳየ።

ትንሽ አሰቡና «እንግዲህ እህሉ ያው ነው፤ ቁናው ነው የሰፋው» አሉ። ከዚህ የተሻለ እኔም አላስረዳም ነበር። ፋብሪካው አንድ ጊጋ የሚለው 1,000,000,000 ባይት ነው። ዊንዶውስ አንድ ጊጋ የሚለው 1,073,741,824 ባይት ነው። በትልቅ ቁና ሲሰፈር ቁጥሩ ያንሳል።

ነገሩ አለቀ ብዬ ልነሣ ስል ጥያቄ መጣ። «ታዲያ የኮምፒውተሩ ራም 8 ጊጋ ሲባል ለምን 8 ሆኖ ይታያል? እሱስ ለምን አይጎድልም?»

ጥያቄው እኔን ደስ አሰኘኝ፤ አቅራቢውን ግን አይመስለኝም። ምሥጢሩ ያለው ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ፣ ላይ ነው። ራም ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ አድራሻ አለው። አድራሻው የሚጠራው በሽቦ ነው፤ አንድ ሽቦ ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ያውቃል፦ መብራት አለ ወይም የለም። በአንድ ሽቦ ሁለት ክፍል ይጠራል። በሁለት ሽቦ አራት። በሦስት ስምንት። ዐሥር ሽቦ ሲደርስ 1,024 ይሆናል። «1,000 ብቻ ልሥራ» የሚል ሰው ቢኖር እንኳ ያው ዐሥር ሽቦ ያስፈልገዋል፤ 24 አድራሻ ግን ያለ ሥራ ይቀመጣል። ስለዚህ ራም የሚሠራው በእጥፍ እጥፍ ነው። 1,024 ለሺህ ስለሚቀርብ የቀድሞዎቹ ባለሙያዎች «ኪሎ» ብለው ጠሩት። ያኔ ልዩነቱ 2.4 በመቶ ብቻ ነበርና ማንም አልተጣላበትም። ጊጋ ላይ ሲደርስ ከ7 በመቶ በላይ ሆነ። ቴራ ላይ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል።

ሃርድ ዲስክ ግን ይህ ግዴታ የለበትም። ፋብሪካው የፈለገውን ያህል ሴክተር (ዲስኩ የሚከፋፈልበት ትንሽ ክፍል) ሊያደርግበት ይችላል፤ ስለዚህ በዐሥር ቤት ይቆጥራል። ይህ አቆጣጠር ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ስለሚያስጽፍለትም አይጠላውም። (ድሮ የነበረው «1.44 ሜጋ» ፍሎፒ ደግሞ ጭራሽ ሁለቱን ቀላቅሎ ነው የተቆጠረው፤ 1.44 በ1,000 ከዚያም በ1,024 ተባዝቶ።)

እኔ ጥፋቱን የምጥለው ዊንዶውስ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ1998 እ.ኤ.አ. ለ1,024ቱ አቆጣጠር ኪቢ፣ ሜቢ፣ ጊቢ የሚሉ ስሞች አውጥቷል። አፕል በ2009 የማክ ኮምፒውተሮቹን የፋይል መጠን ወደ ዐሥር ቤት አዞረ። ዊንዶውስ ግን በጊቢ እየቆጠረ ጊጋ ብሎ ይጽፋል። አቅራቢና ገዥ የሚጨቃጨቁት ለዚህ ነው።

ሰብሳቢው አመኑ፤ ግን በባዶ እጅ አልተመለሱም። ቃለ ጉባኤው ላይ የማካፈሉን ስሌት አስገቡ። ለሚቀጥለው ግዥ ስፔስፊኬሽኑ «ከ1,000,000,000,000 ባይት የማያንስ» ተብሎ እንዲጻፍ አዘዙ። ቀጥለው «ልጄ፣ እውነት የጎደለ ዲስክ ቢመጣስ በምን አውቃለሁ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ስክሪኑ አይረዳም። ተመሳስሎ የተሠራ ፍላሽ የውስጡ ቺፕ ትንሽ ሆኖ ሳለ ራሱን 2 ቴራ ነኝ ብሎ ያስተዋውቃል፤ ኮምፒውተሩም አምኖ ያንኑ ያሳያል። ፋይሉ የሚበላሸው እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ነው። አስተማማኙ መፈተኛ እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው።

«እንግዲያው ሙላውና አንብበው» አሉኝ። ዐሥራ ሁለቱንም። አቅራቢው ደብረ ማርቆስ አደረ፤ ሞዴል 19 ሁሉም ተሞልተው ተነበው እስኪያልቁ አልተቆረጠለትም።