ሪሞቱ ሜሪላንድ፣ ቲቪው ቱሉ ዲምቱ

አክስቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ በካርጎ የላኩልን ቲቪ በሰላም ደረሰ። ሪሞቱ ግን እዚያው ሜሪላንድ ቀረ። ቲቪው ሮኩ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ዩቲዩቡም ሌላውም ውስጡ አለ። ኢንተርኔት ካላገኘ ግን ተራ ስክሪን ነው። ገላው ላይ ያለችው አንዲት ቁልፍ ታበራለች፣ ታጠፋለች፣ ዲሹ የተሰካበትን ትመርጣለች። ዋይፋይ ላይ አታስገባም።

ከዋይፋዩ በፊት ስለ መብራቱ አንድ ነገር ልበል። የኛ 220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካ 120። የኛ ቲቪ ጀርባ ላይ 120 ብቻ ስለሚል ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዛን። ከ100 እስከ 240 የሚል ቢሆን ኖሮ የሶኬት አዳፕተር ብቻ ይበቃው ነበር። ይህን ሳያዩ ከሰኩት፣ ከዚያ በኋላ ሪሞት ፍለጋ አያስፈልግም።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «አፕ አውርድ» አለኝ። አፑ እውነትም ስልክን ሪሞት ያደርጋል። ግን ስልኩና ቲቪው አንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው። ቲቪው ዋይፋይ ላይ ለመግባት ሪሞት ይፈልጋል። ሪሞት የሚሆነው አፕ ደግሞ ቲቪው አስቀድሞ ዋይፋይ ላይ ገብቶ እንዲጠብቀው ይፈልጋል። ዙሪያው ገደል!

መውጫው ያለው ቲቪው ትዝታ ውስጥ ነው። የአክስቴን ቤት ዋይፋይ አልረሳም፤ በበራ ቁጥር ይፈልገዋል። የሚያውቀው ደግሞ በስሙና በፓስወርዱ እንጂ ራውተሩን በመልክ አይለይም። ስለዚህ የስልኬ ሆትስፖት ያንኑ ስምና ያንኑ ፓስወርድ ከያዘ፣ ቲቪው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ይመስለዋል።

እዚያ እስኪነጋ ጠብቄ ወደ ማታ ደወልኩ።

«አክስቴ፣ የዋይፋያችሁ ስምና ፓስወርድ ምንድነው?»

«እኔ ምን አውቄ የኔ ልጅ፣ ያስገባው ልጁ ነው።»

እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ ፊደል በፊደል መቀባበል ትርፉ ድካም ነው። ራውተሩ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ፎቶ አንስተው በቴሌግራም እንዲልኩልኝ ለመንኳቸው። ቤተሰቡ ካልቀየረው በቀር ስሙም ፓስወርዱም እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ትልቁና ትንሹ ፊደል፣ ሰረዙ፣ ክፍት ቦታው ሁሉ እንዳለ መገልበጥ አለበት። በተለይ ኦ እና ዜሮን ለዩ።

አንድሮይድ ስልክ ላይ የሆትስፖቱን ስም እዚያው ሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ መቀየር ይቻላል። አይፎን ላይ ግን የሆትስፖቱ ስም የስልኩ ስም ስለሆነ የሚቀየረው የስልኩ ስም ነው። ሁለት ነገር ደግሞ አስተካከልኩ፦ ሴኩሪቲውን (የዋይፋዩን የጥበቃ ዓይነት) ደብሊው ፒ ኤ 2፣ ባንዱን (የሚሠራበትን ሞገድ) 2.4 ጊጋኸርዝ። ርካሽ ቲቪዎች ውስጥ 5 ጊጋኸርዝን ጭራሽ የማያዩ አሉ፤ ደብሊው ፒ ኤ 3 የማያውቁም አሉ። ከዚያ ቲቪውን ከሶኬቱ ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ትንሽ ቆይቶ ሆትስፖቱ ላይ አንድ መሣሪያ መግባቱን አየሁ። እውነት ለመናገር ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ስልክ ያስፈልጋል። ሆትስፖት የከፈተው ስልክ ራሱ ሪሞት ልሁን ሲል ብዙ ጊዜ ቲቪውን አያገኘውም። የእህቴን ስልክ ሆትስፖቱ ላይ አስገብቼ አፑን ስከፍት ቲቪውን ወዲያው አገኘው። ሮኩ ከዚያው ኔትዎርክ የሚመጣ ትእዛዝ በ8060 ቁጥር በር (ፖርት) ስለሚቀበል፣ ከኩባንያው ውጪ ያሉ ሰዎች የሠሯቸው አፖችም ይሠራሉ። ማስታወቂያቸው ያሰለቻል እንጂ።

የቀረው ቀላል ነው። ሴቲንግስ፣ ኔትዎርክ፣ ሴት አፕ ኮኔክሽን፣ ዋየርለስ፤ ከዚያ የቤታችንን ዋይፋይ መርጦ ፓስወርዱን መጻፍ። ቲቪው ወደ ቤቱ ዋይፋይ ሲዛወር አፑ ቲቪውን ያጣዋል። አትደንግጡ። ቲቪው ሄዷል፣ ስልኩ ሆትስፖቱ ላይ ቀርቷል፤ ስልኩንም አስከትሉት።

ጥቅላችሁን ግን ጠብቁ። እንዲህ ያለ ቲቪ ብዙ ቀን ተዘግቶ ከርሞ ኢንተርኔት ሲያገኝ ማዘመኛ ማውረድ ይጀምራል፤ የሚበላው ደግሞ የሆትስፖቱን ዳታ ነው። ዝውውሩን ቶሎ ጨርሱና ሆትስፖቱን ዝጉ።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ መካሪ አይጠፋም። አንድ ጎረቤታችን «ሪሴት አድርገው፣ ይለቃል» ብለውኝ ነበር። በጭራሽ እንዳታደርጉት! ሪሴት የተደረገ ቲቪ የሚያውቀው ዋይፋይ ስለማይኖረው ይህ ሁሉ ዘዴ ይከሽፋል። እንደ አዲስ ሲጀምርም ገና በመጀመሪያው ገጽ ሪሞት ይጠይቃል።

ሁለተኛ ስልክ የሌለው ሰው የቤቱን ራውተር ስምና ፓስወርድ ወደ ድሮው መቀየር ይችላል። ቲቪው ያለ ማንም እርዳታ ይገባል። እኔ የተውኩት የቤቱ ስልክ ሁሉ እንደገና ፓስወርድ አምጣ ስለሚለኝ ነው። ስልካችሁ እንደ አንዳንድ ሬድሚዎች ኢንፍራሬድ (ተራ ሪሞት የሚጠቀምበት የማይታይ ብርሃን) ካለው ደግሞ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ፤ ሮኩ ቲቪ ኢንፍራሬድ ይቀበላል። ኤችዲኤምአይ ላይ የምትሰካው የሮኩ ስቲክ ግን አትቀበልም። አንድሮይድ ቲቪ ላላቸው ሥራው በጣም ያጥራል፦ ተራ የኮምፒውተር ማውዝ ዩኤስቢው ላይ ይሰካል፣ ቀስቷ ስክሪኑ ላይ ትመጣለች፣ በእሷ ዋይፋዩን መምረጥ ነው።

አፑን አሁን በእናቴም ስልክ ላይ ጭኜዋለሁ። እኔና እህቴ ሥራ ስንሄድ ሪሞቱ አብሮን እየወጣ አስቸግሯት ነበር።